መቀስዎን የሚጠብቀው ጸጉር

ይድረስ ለአባቴ እህት፣ ለተከበሩት አክስቴ ለቶአካሴ
ሲድኒ

«ልጁ አሁንስ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ?»

ይህን ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ፣ አክስቴ። እናቴን በስልክ በጠየቋት ቁጥር «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» ትልና ስልኩን አጠገቧ ላገኘችው ሰው ታቀብላለች። ስለዚህ ከሰላምታውም ከወሬውም በፊት መልሱን ላስቀድምልዎ። አዎን፣ ወንድሜ ፔኒሲማኒ ይተኛል። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ካለችው የወንዶች ጎጆ ማንኮራፋቱ እስከ በረንዳው ድረስ ተሰማ። እናቴ «ይቺማ የአባቱ ናት» ብላ ሣቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የቤትዎ ደረጃ አሁንም ያስቸግርዎታል? በእናንተ በኩል ብርዱ መግባት ጀምሯል ይባላል፤ ያቺን ሰማያዊ ሹራብ አወጧት? አጎቴ ሴሚሲ የደም ግፊታቸውን ይለካሉ ወይስ እንደ ልማዳቸው «የታመመው ማሽኑ ነው» ይላሉ? ሉሴአኔና ሕፃኗ እንዴት ናቸው? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር የዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ስትቀጠቅጥ ትውላለች። ከሥራ ስመለስ ገና መንደሩ ሳይታየኝ የመዶሻዎቹ ድምፅ ይቀበለኛል፤ የቤታችን ልብ ሲመታ የምሰማ ይመስለኛል።

የምጽፍልዎ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። ከምድር ምድጃው የወጣው ካሳቫና በኮኮናት ወተት የበሰለው ቅጠል ሆድ ውስጥ ይከብዳል፣ ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል፣ ውሻ እንኳ መጮኽ ያሳፍረዋል። የሚሰማው ባሕሩ ብቻ ነው፤ በድንጋዮቹ ቀዳዳ ወደ ላይ እየተረጨ ያፏጫል። ልጅ ሳለሁ ከድንጋዩ ሥር የሚያፏጭ አንድ ትልቅ ሰው ተኝቶ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ፀሐዩ እንዲህ ሲከብድ፣ ፉጨቱ ከውጭ ይምጣ ከውስጤ ይምጣ መለየት ያቅተኛል።

አሁን የምጽፍልዎን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩዎ ደፍሬ ዝም ብዬ አይደለም። እህትና ወንድም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ገላ፣ ስለ መኝታ፣ ስለ ሕመም እንዳይነጋገሩ አድርገው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ጎጆዋ ቅርብ ናት፤ ስልክ ይዤ ስለ እሱ ባወራ ድምፄ ይደርሰዋል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። ማክሰኞ ወደ ሲድኒ የምትበረው የጎረቤታችን ልጅ ከእጅዎ ታደርስልኛለች።

የአባቴ ቀብር ዕለት እርስዎ እንደ ክብርዎ ከራስጌው ተቀመጡ። እኛ ልጆቹ ደግሞ እንደ ሐዘን ወጋችን የተበጣጠሰ ምንጣፍ ወገባችን ላይ ታጥቀን፣ ጸጉራችንን ለቀን፣ ጓሮ ከጭሱ መሐል ነበርን። ሐዘኑ ሲያበቃ ያን ጸጉር የሚቆርጠው የእርስዎ እጅ ነው። የእኔን ቆረጡልኝ፤ የመቀሱ ቅዝቃዜ እስካሁን ማጅራቴ ላይ አለ። ፔኒሲማኒ ግን ለለቀስተኛው ዓሣ ሊያመጣ ወጥቶ ማዕበል ከማዶ ደሴት አቆየው፤ የእርስዎም ሥራ አልጠብቅ አለና ሳትገናኙ ሄዱ። ማንም አላጠፋም። ባሕሩና የአውሮፕላኑ ሰዓት አልተስማሙም፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁርጥራጭ ነው የሰሙት። እንቅልፉ ሄደ። የቀረበለትን ምግብ «የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ይመጣል» እያለ ይመልሰው ጀመር። ከማይታይ ሰው ጋር ቃል ይመላለሳል። አንድ ቀን ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ከሚያፏጩት ድንጋዮች ላይ ውኃ እያንጠባጠበ አመጡት። መንደሩ ሁሉ ራሱን ሊጥል ነው አለ። ቅጠል አዋቂዋ ሜሌ ካሊሲ ግንባሩን በዘይት አሽታ የቅጠሏን ውኃ ዓይኑ ላይ ጠብ አደረገችለት፤ ጥቂት ረጋ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ድንጋዩ። እሷው ራሷ ለእናቴ «ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የእነ ልጅሽ የእነ ካሎላይኔ ነው፤ ውሰጂው» አለቻት። እንዲህ ሆኖ ነው ዋና ከተማ እኔ ወደምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል የገባው።

እኔ ያን ሰሞን ከነርስ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር፤ የዩኒፎርሜ እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሕክምና ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሚዋጠውን፣ የሚወጋውን፣ በንግግር የሚሰጠውን፣ ቤተሰብ የሚማረውን። ለእያንዳንዱ በር አንድ አንድ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ የሚንቃጨል ይመስለኝ ነበር፣ አክስቴ። የገዛ ወንድሜ በር ግን ሌላ ነበር።

በዚያ ሳምንት ለጥቂት ጊዜ ከውጭ የመጣ ዶክተር ሃርግሬቭ የሚባል ፈረንጅ ሐኪም ነበረን። ደግ ሰው ነው፤ ቸኮሌት ኪሱ አይጠፋም። የእኛን ቋንቋ ግን አያውቅም። ሁልጊዜ የሚያስተረጉምለት ማናሴ፣ አንጋፋው ነርሳችን፣ መርፌ ሊሰጥ ወደ ሰሜን ደሴቶች ሄዷል። ዶክተሩ እኔን ሲያይ ደስ አለው። «ነርስም ነሽ፣ ቤተሰብም ነሽ፣ ከዚህ የተሻለ አስተርጓሚ ከየት አገኛለሁ?» አለኝ። እኔም ዩኒፎርሙ እህትነቴን ይሸፍነዋል ብዬ ገባሁ። ፔኒሲማኒ ከፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ይጠይቃል፤ ይታጠባል ወይ? በሕልሙ ምን ያያል? ሴት ጓደኛ አለችው? ግማሹን አለሳልሼ ተረጎምኩ፣ ግማሹን ዋጥኩት። ፔኒሲማኒ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የታጠቀውን ምንጣፍ ጫፍ እየፈተለ ዝም አለ። ክፍሉን ውኃ የሞላው ይመስል ነበር፤ ሦስታችንም ከውኃው በታች ተቀምጠን አፋችን ይከፈታል፣ ድምፅ የለም።

ዶክተሩ «አይናገርም፣ ሰው አያይም፣ ሕመሙ ጠንቷል» አለና የኪኒኑን መጠን ከፍ አደረገው። እኔ ምክንያቱን ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ባለበት ያንን መናገሩ ራሱ ነውር ነውና ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የወንድሜ አካሄድ እንደ እንጨት ሆነ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ከበደው። እርስዎ በስልኩ መስኮት ያዩት ያን ጊዜ ነው። «ልጄን አትውጉብኝ፣ ወደ ቅጠሏ መልሱት!» ብለው የጮኹት ያን ዕለት ነው። እውነትዎን ነው፣ ያ ፊት ያስጮኻል። ግን አክስቴ፣ ያኔ ገና መርፌ አልተወጋም ነበር።

ማናሴ ከደሴቶቹ ሲመለስ ፔኒሲማኒን ከላይ እስከ ታች አየውና «ማነው ያስተረጎመለት?» አለ። «እኔ» አልኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሣቀ። «አንቺ! የገዛ እህቱ! መታጠቡን ሁሉ ጠየቅሽው? እኔ እህቴ ፊት ተቀምጬ እንዲህ ብጠየቅ ከዚያ ክፍል ሬሳዬ ነው የሚወጣ!» አለኝ። ዞሮም ለዶክተሩ «ዶክተር፣ ልጁ ያላወራው ስላልቻለ አይደለም፤ አክብሮ ነው» አለውና ሥርዓታችንን አስረዳው። ዶክተር ሃርግሬቭ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «እንግዲህ እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው ታሟል ነው የምለው ወይስ ጨዋ ነው?» ሲለው፣ ማናሴ «እንደ ሰዓቱ ነው ዶክተር፤ አንዳንዴ ሁለቱንም ነው» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ደግሞ ወደ ማንጎው ሥር! እንደውም ከማንጎውም እልፍ በይ!» ብሎ አባረረኝ።

ከማንጎው አልፌ አጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ቃል አይሰማም፤ የድምፁ ጥላ ብቻ በመስኮቱ ሽንቁር እየሾለከ ይመጣል። መጀመሪያ የማናሴ ቀጭን ድምፅ። ከዚያ፣ አክስቴ፣ ከመሬት የሚወጣ የሚመስለው የፔኒሲማኒ ወፍራም ድምፅ፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ኋላ እንደ ጀልባ ለስለስ ብሎ። በመጨረሻ ሣቀ። የሌሊት ወፎቹ ከበላዬ ዛፉ ላይ ተዘቅዝቀው ተኝተዋል፤ እኔ ከሥራቸው ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ የማየው ሁሉ ሕልም ይመስለኝ ነበር።

የተናገረውን ማናሴ ነው የነገረኝ፣ ወንድሜም «ለአክስቴ ይጻፍላት» ብሎ ስለፈቀደ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሐዘን ጸጉሩን ይዞ ቆየ። ጸጉሩ ከዓሣ መረብ ጋር እየተጠላለፈ ሲያስቸግረው፣ የጀልባው ሰዎች «ሙሽሪት፣ ጉንጉንሽን ሰብስቢ!» እያሉ ሲያሾፉበት፣ አንድ ቀን በዓሣ ቢላዋ ራሱ ቆርጦ ባሕር ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕሩ ሲያፏጭ የአባቴ ድምፅ ይሰማዋል። «የእህቴን ድርሻ መልስ» ይለዋል። ድንጋዮቹ ላይ የሚሄደው ሊሞት አልነበረም፤ በአረፋው ውስጥ ጸጉሩን ሊፈልግ ነበር። እርስዎ ደግሞ እሱን ለብቻው ጠርተው ስላላነጋገሩት፣ ሰምተው እንደተቆጡ ቆጠረው። ለማናሴ «አክስቴ ከተቀየመችኝ ምን መድኃኒት አለው?» አለው። ማናሴም «ለቅያሜው እኔ መድኃኒት የለኝም፤ ለእንቅልፉ ግን አለኝ። በአንዱ እንጀምር» አለው።

እንግዲህ አሁን የተያዘውን ሕክምና ልንገርዎ። ዶክተሩ የጨመረውን ቀነሰ። ኪኒኑን ግን ፔኒሲማኒ መትፋት ጀምሮ ኖሯል፤ ለምን ቢሉት «ምላሴ ከብዶ እንዴት ባሱን፣ ወፍራሙን ዜማ፣ ልዘምር? ድምፁ ቢመጣ ይሻለኛል» አለ። ስለዚህ በወር አንዴ በሚሰጥ መርፌ ተለወጠለት፣ በትንሽ መጠን ነው። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ሌላ ነገር ተጨመረለት። የፈሩት የኤሌክትሪክ ሕክምናም አልታሰበም፤ እሱም ቢሆን ሰው እንደሚያወራው አይደለም፣ አስተኝተው ለሌላ ዓይነት ሕመም የሚሰጡት ነው፤ ለፔኒ አያስፈልግም ተባለ። ቅጠሉንም አልከለከልንም። ሜሌ ካሊሲና ማናሴ በረንዳችን ላይ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ማሸቱና ዘይቱ ይቀጥል፣ የሚጠጣ ቅጠል ግን ከመርፌው ጋር እንዳይጋጭ ለነርስ ሳይታይ አይሰጥ ተባባሉ። ፔኒ ወንዶቹ ካቫ፣ ያን የሚያደነዝዝ የሥር መጠጥ፣ የሚጠጡበት ቤት ሄዶ አብሯቸው ይዘምራል፣ ካቫውን ግን ያሳልፋል። እናቴም ተማረች፤ ሕመሙ ሊመለስ ሲል መጀመሪያ እንቅልፉ እንደሚሸሽ፣ ቀጥሎ ምግቡን እንደሚመልስ፣ ያኔ ሳትውል ሳታድር ማናሴን እንድትጠራ።

ንግግሩ ደግሞ አለ፤ እሱም ሕክምና ነው። ማናሴ ይመጣና እዚያ ጓሮ ኮኮናት እየፈቀፈቁ ያወራሉ። እኔ ማድ ቤት ስለምሆን የሚጮኹትን ብቻ ነው የምሰማው። ባለፈው ማናሴ «ዛሬስ ድምፁ ምን አለህ?» ሲለው፣ ፔኒ «ሰነፍ ነህ አለኝ» አለው። ቀጥሎም «አንተን አይቶ ነው መሰለኝ» ሲል፣ ማናሴ የኮኮናቱን ቅርፊት ወረወረበት። አክስቴ፣ በራሱ ሕመም ቀለደ! ይህን ስሰማ የያዝኩት ሳህን ሊወድቅብኝ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወስዷል፤ አሁን ቤት ሁለተኛው የሚሰጥበት ጊዜ ደርሷል። ማናሴ ሐሙስ ዕለት ቦርሳውን ይዞ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አክስቱ አትውጉት ብላለች፤ ከእሷ ቃል አልወጣም» አለችው። ፔኒሲማኒም ከጎጆው ወጥቶ እጁን አጣጥፎ «አክስቴ ካለች አለች» አለ። ማናሴ አልተከራከረም። የቀረበለትን የዳቦ ፍሬ በልቶ፣ አመስግኖ፣ ቦርሳውን እንደያዘ ሄደ። እኔ ነርሷ ማድ ቤት ቆሜ አየሁ። በዚህ ቤት የአባት እህት ያለችውን የሚሽር መማር የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም። ነገር ግን መርፌው ከዚህ በላይ ከዘገየ እንቅልፉ መሳሳት ይጀምራል። እንቅልፉ ሲሄድ ፉጨቱ ቃል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዓሣ አጥማጆቹ በሰዓቱ እዚያ መገኘታቸውን ማን ያውቃል?

ቅድም ይህን እየጻፍኩ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ባሕሩ ከድንጋዩ ወርዶ በመንደሩ መንገድ ቀስ ብሎ ወደ ቤታችን ሲመጣ አየሁ። ማንም አልሸሸም። ውኃው ከደጃፋችን ሲደርስ ጥቁር ጸጉር አስቀምጦ ተመለሰ። እርስዎ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሰማያዊ ሹራብዎን ለብሰው። ጸጉሩን ከጉልበትዎ ላይ አድርገው እንደ ዓሣ መረብ ትፈቱታላችሁ፣ እርስዎና አባቴ። ከዚያ እስክሪብቶዬ ወድቆ ቀሰቀሰኝ።

ስለዚህ አክስቴ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ የምለምንዎ ይህን ነው። መርፌው ድምፁን ያርቅለታል፤ ያን እኛ እንችላለን። «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ሸክም ግን ከእርስዎ አፍ በቀር የሚያወርድለት የለም፤ በየትኛውም መድኃኒት ቤት አይገኝም። ለእናቴ «ማናሴ ይውጋው» ይበሏት። ለእሱም ራሱ እንዳልተቀየሙት ይንገሩት። ጸጉሩ ደግሞ እንደገና አድጓል፤ ትከሻው ደርሶ ባርኔጣ ሥር ይደብቀዋል። ማንም እንዲነካው አይፈቅድም፣ የሚጠብቀው የእርስዎን መቀስ ነው። የልጆች እሑድ ቀርቧል፤ ልጆቹ ነጭ ለብሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃላቸው ሲያቀርቡ እሱ ከኋላ ባስ እንዲዘምር የመዘምራኑ መሪ ቦታውን ጠብቆለታል። መምጣት ከቻሉ ይምጡ። ካልቻሉም ከዚያ ቀደም ብለው ይደውሉ፤ ስልኩን ከራሱ አጠገብ ምንጣፉ ላይ እናደርገዋለን፣ እርስዎ ይባርኩትና በእርስዎ ቃል ማን እንደሚቆርጥለት ይናገሩ። የዚያ ሰው መቀስ የእርስዎ መቀስ ይሆናል።

እናቴ እጅ ትነሣለች፤ የቀጠቀጠችው ጨርቅ አንዱ ለእርስዎ እንደሆነ እንዳልነግርዎ አደራ ብላኝ ነበር፣ ይኸው ነገርኩ። ሜሌ ካሊሲ «ለጉልበቷ ዘይት ልኬላታለሁ፣ እንዳትጠጣው በያት» ብላለች። ማናሴ ባያውቁትም ሰላም ይላል። ለአጎቴ ሴሚሲ ሰላምታዬን ከነማሽናቸው ያድርሱልኝ። ሉሴአኔን፣ ባሏን ሳሙኤላን፣ ያቺን ጥርስ አብቃዩዋን ሕፃን በየተራ ይሳሙልኝ። ለቤተ ክርስቲያናችሁ የሴቶች ማኅበርም ሁሉ።

ጎጆዋ ውስጥ ማንኮራፋቱ ቆሟል። ነቅቷል መሰለኝ፤ የልጆች እሑድን መዝሙር ባስ ቀስ ብሎ እያንጎራጎረ ነው። አንዱን ስንኝ ይጨርስና ይቆማል፤ ያ ቦታ ድሮ እርስዎ ዜማውን ተቀብለው የሚገቡበት ነው። እንደገና ይጀምራል፣ እዚያው ይቆማል። እባክዎን አክስቴ፣ ይመልሱለት።

የወንድምዎ ልጅ፣
ካሎላይኔ

ሆውማ፣ ቶንጋታፑ
እሑድ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.